በ16 ወራት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ሹም፦ የዊልሄልም ፎን ሁምቦልት ሕይወትና ሥራ

ፕሩሲያ የተባለችው የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ በ1806 በናፖሊዮን ጦር ድል ከተመታች በኋላ ከግዛቷ ግማሽ ያህሉን አጣች። ዋና ከተማዋ በርሊን እስከ 1808 መጨረሻ ድረስ በፈረንሳይ ሠራዊት ተይዛ ቆየች። ከ100 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ የሆነ የጦር ካሣ እንድትከፍልም ተገደደች። አገሪቱ በእንዲህ ያለ ችግር ላይ ሳለች በ1809 በበርሊን አዲስ ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋም ወሰነች። ለዚህ ውሳኔ የቀረበውን ሐሳብ አዘጋጅተው ለንጉሡ ያቀረቡትና ወደ ተግባር እንዲለወጥ ያደረጉት በወቅቱ የትምህርት ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ዊልሄልም ፎን ሁምቦልት ናቸው።

ሁምቦልት በዚህ ኃላፊነት ላይ የቆዩት ለ16 ወራት ያህል ብቻ ነበር። ይሁንና በዚያ አጭር ጊዜ ያነሷቸው ጥያቄዎች ዛሬም ከፍተኛ ትምህርትን የሚመሩ መንግሥታትን ሁሉ የሚያነጋግሩ ናቸው። መንግሥት ወጪውን የሚሸፍንለትን ዩኒቨርሲቲ እስከ ምን ድረስ ሊያዝዘው ይገባል የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ዋነኛው ነው።

ሁምቦልት እ.ኤ.አ ሰኔ 22 ቀን 1767 በፖትስዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በፕሩሲያ ሠራዊት በሻለቃነት ያገለገሉና በኋላም በቤተ መንግሥት ባለሟልነት የሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ገና ለአካለ መጠን ሳይደርሱ በ1779 አረፉ። ዊልሄልምና በሁለት ዓመት የሚያንሷቸው ወንድማቸው አሌክሳንደር በእናታቸው እጅና በቤት ውስጥ መምህራን ቁጥጥር ሥር አደጉ። አሌክሳንደር በኋላ ላይ በደቡብ አሜሪካ ባደረጉት ጉዞና በተፈጥሮ ሳይንስ ምርምራቸው ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፉ ሰው ለመሆን በቅተዋል። የአንድን አገር ትምህርት ቤቶች እንደገና የማደራጀት ኃላፊነት የወደቀባቸው ዊልሄልም ግን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም።

በ1787 በፍራንክፈርት አን ዴር ኦደር ዩኒቨርሲቲ አንድ የትምህርት ወቅት አሳልፈው በቀጣዩ ዓመት ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በዚያም ሕግ፣ የጥንት ግሪክ ቋንቋና ፍልስፍና ተማሩ። በ1789 የበጋ ወራት የፈረንሳይ አብዮት እንደፈነዳ ፓሪስን ጎብኝተው የአሮጌውን ሥርዓት መፍረስ በዓይናቸው ተመለከቱ። በ1790 በበርሊን ፍርድ ቤት ተቀጥረው ሥራ የጀመሩ ቢሆንም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አገልግሎቱን ለቀው ወጡ። በዚያው በ1791 ካሮሊነ ፎን ዳኸሬደንን አግብተው በገጠር ርስታቸው ላይ በጥናት ሕይወት መኖር ጀመሩ።

ሁምቦልት ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳሉ የመንግሥትን ሥራ ወሰን የሚመረምር መጽሐፍ ጻፉ። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ መንግሥት የዜጎችን ደኅንነት ከመጠበቅ አልፎ በሰዎች አስተሳሰብና ዕድገት ውስጥ እጁን ባስገባ ቁጥር ሰዎች በራሳቸው የመሥራት ኃይላቸው ይደክማል የሚል ነው። ከመጽሐፉ የተወሰኑ ክፍሎች በ1792 በመጽሔት ቢወጡም ሙሉው የታተመው ደራሲው ካረፉ ከ16 ዓመታት በኋላ በ1851 ነበር። ትምህርትን ከመንግሥት ቁጥጥር ማራቅ ይገባል ብለው የጻፉት እኚህ ሰው ከዓመታት በኋላ ራሳቸው የመንግሥት የትምህርት ሹም ሆነው መገኘታቸው የሕይወታቸው ትልቁ ፈተና እንደነበር መገንዘብ ይቻላል።

ከ1794 ጀምሮ በዬና ከተማ ከባለቅኔዎቹ ከሺለርና ከጎተ ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። ቀጥሎም በፓሪስ ለዓመታት ተቀመጡ፤ ወደ ስፔን ተጉዘውም የባስክን ሕዝብ ቋንቋ አጠኑ። ከ1802 እስከ 1808 የፕሩሲያ መልእክተኛ በመሆን በሮም በጳጳሱ ዘንድ አገለገሉ። በ1803 የበኩር ወንድ ልጃቸውን በሞት ያጡት በዚያው የአገልግሎት ዘመናቸው ነበር። የፕሩሲያ ጦር በዬናና በአውርሽቴት መሸነፉን የሰሙትም በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ነው።

ሽንፈቱ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ያስከተለው ጉዳት ከባድ ነበር። የፕሩሲያ ዋነኛ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሃለ ዩኒቨርሲቲ በናፖሊዮን ትእዛዝ ተዘጋ። በ1807 በተፈረመው የቲልዚት የሰላም ውል መሠረትም ከተማዋ ከፕሩሲያ እጅ ወጣች። የሃለ መምህራን ወደ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ዊልሄልም 3ኛ ቀርበው ዩኒቨርሲቲያቸው በበርሊን እንደገና እንዲቋቋም ለመኑ። ንጉሡም አገሪቱ በቁሳዊ ኃይል ያጣችውን በአእምሮ ኃይል መተካት እንደሚገባት በመግለጽ ሐሳቡን እንደተቀበሉት ይነገራል። ነገር ግን ሐሳቡን ወደ ተግባር የሚለውጥ ሰው ለጊዜው አልተገኘም።

ሁምቦልት በየካቲት 1809 በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር የሃይማኖትና የሕዝብ ትምህርት ጉዳዮች መምሪያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱን የተቀበሉት በፈቃደኝነት ሳይሆን በማቅማማት ነበር። ፍላጎታቸው ወደ ሮም ተመልሰው ጥናታቸውን መቀጠል እንደነበር የሕይወት ታሪካቸው ያስረዳል። ሥራውን ከያዙ በኋላ ግን ቤተ መንግሥቱ ወደሚገኝበት ወደ ኬኒግስበርግ ተጉዘው ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ጊዜ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለውን መስክ ማደራጀት ጀመሩ።

በዕቅዳቸው መሠረት ትምህርት ሦስት ተከታታይ ደረጃዎች እንዲኖሩት ተደረገ። እነዚህም የመጀመሪያ ደረጃ፣ ጂምናዚየም የሚባለው ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሁምቦልት ማንኛውም ልጅ ወደ አንድ የተለየ ሙያ ከመግባቱ በፊት ሰው ሆኖ የሚያስብበትን አጠቃላይ ትምህርት ማግኘት አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። የጂምናዚየም መምህራን በመንግሥት ፈተና ብቃታቸው ተረጋግጦ እንዲቀጠሩ የሚያደርገው ደንብም የተዘጋጀው በእርሳቸው መምሪያ ሲሆን፣ የወጣው ሥራቸውን በለቀቁ ማግስት በሐምሌ 1810 ነው።

የበርሊን ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም የሚጠይቀውን ማመልከቻ ሁምቦልት ለንጉሡ ያቀረቡት በሐምሌ 1809 ነበር። ንጉሡ ነሐሴ 16 ቀን 1809 ፈቃዳቸውን ሰጡ። በበርሊን ትልቁ ጎዳና ላይ የሚገኘው የልዑል ሃይንሪሽ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሕንፃነት ተበረከተ። ለዩኒቨርሲቲው፣ ለሳይንስና ለሥነ ጥበብ አካዳሚዎች እንዲሁም ለተጓዳኝ ተቋማት በጠቅላላው በዓመት 150 ሺህ ታለር እንዲመደብ ተወሰነ። ይህ ለተራቆተው የመንግሥት ካዝና ቀላል ሸክም አልነበረም።

ሁምቦልት ስለ ዩኒቨርሲቲ የነበራቸው አስተሳሰብ በዘመናቸው ከተለመደው የተለየ ነበር። በብዙ ቦታ ምርምር ለአካዳሚዎች፣ ማስተማር ደግሞ ለዩኒቨርሲቲዎች የተተወ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። እርሳቸው ግን ሁለቱ ሊነጣጠሉ አይገባም አሉ። በአመለካከታቸው ዕውቀት አንዴ ተገኝቶ የተቀመጠ ሀብት ሳይሆን ሁልጊዜ የሚፈለግ ነገር ነው። ስለሆነም መምህሩ ለተማሪው ብቻ፣ ተማሪውም ለመምህሩ ብቻ አልተቀመጡም፤ ሁለቱም ለዕውቀት ሲሉ አብረው ይሠራሉ። መንግሥትም ከዩኒቨርሲቲ የዕለት ጥቅሙን ብቻ መጠየቅ የለበትም። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ዓላማ በሚገባ ሲፈጽም የመንግሥትንም ዓላማ መንግሥት ራሱ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ይፈጽማል ብለው ያምኑ ነበር።

ይህ ማለት ግን ሁምቦልት መንግሥት ከዩኒቨርሲቲው ሙሉ በሙሉ እንዲርቅ ፈልገዋል ማለት አይደለም። የፕሮፌሰሮች ሹመት በመንግሥት እጅ እንዲቆይ አጥብቀው ተከራክረዋል። የዕውቀት ነጻነት አደጋ የሚመጣበት ከመንግሥት በኩል ብቻ ሳይሆን ከተቋማቱ ከራሳቸውም መሆኑን ተገንዝበው ነበር። መምህራን አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ከያዙ በኋላ ከዚያ የተለየውን ሊያፍኑ ይችላሉ የሚል ስጋት ነበራቸው። በመሆኑም የመንግሥት ድርሻ ብቁ ሰዎችን መርጦ መመደብ፣ የሚያስፈልጋቸውን ማሟላትና ከዚያ በኋላ ሥራውን ለእነርሱ መተው እንደሆነ አመኑ።

የእቅዳቸው ሌላው መሠረት የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ከመንግሥት ካዝና በሚሰጠው ድጎማ ብቻ እንዲተዳደር አልፈለጉም። በዚህ ምትክ ከመንግሥት ርስቶች ከፊሉ ለዩኒቨርሲቲውና ለአካዳሚዎቹ በቋሚ ንብረትነት ተሰጥቶ ከርስቱ በሚገኘው ገቢ እንዲተዳደሩ ሐሳብ አቀረቡ። የራሱ ንብረት ያለው ተቋም በመንግሥት ለውጥና በገንዘብ እጥረት በቀላሉ አይናወጥም የሚል ምክንያት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ ተፈጻሚ ሳይሆን ቀረ። ሁምቦልት ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ የተተኩት ፎን ሹክማን የርስቱን እቅድ ተዉት፤ ዩኒቨርሲቲውም በዓመታዊ ድጎማ የሚተዳደር ሆነ።

ሁምቦልት ከሥራ የለቀቁት በአስተዳደር ጥያቄ ምክንያት ነበር። የመምሪያ ኃላፊዎች ከሚኒስትሮች እኩል ድምፅ የሚኖራቸው የመንግሥት ምክር ቤት ይቋቋማል ተብሎ ሲጠበቅ ሳይፈጸም ቀረ። እርሳቸውም ኃላፊነቱን እየተሸከሙ የመወሰን ሥልጣን ሳይኖራቸው መቀጠል ስላልፈለጉ በሚያዝያ 1810 መልቀቂያ ጠየቁ፤ በሰኔ ወርም ተሰናበቱ። ዩኒቨርሲቲው በጥቅምት 1810 ትምህርት ሲጀምር መሥራቹ የፕሩሲያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ቪየና ተዛውረው ነበር።

በመጀመሪያው የትምህርት ወቅት የተመዘገቡት ተማሪዎች 256 ሲሆኑ መምህራኑ 52 ነበሩ። ተቋሙ የነገረ መለኮት፣ የሕግ፣ የሕክምናና የፍልስፍና ፋኩልቲዎች ነበሩት። ፈላስፋው ፊሽተ፣ የነገረ መለኮት ሊቁ ሽላየርማኸር፣ የሕግ አዋቂው ሳቪኚና ሐኪሙ ሁፌላንድ ከመጀመሪያዎቹ መምህራን መካከል ይገኙበታል። በ1811 ፊሽተ በምርጫ የመጀመሪያው ሬክተር ሆኑ። የዚህ ነጻነት ጥቅም ግን ለሁሉም አልደረሰም። ሴቶች በፕሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በመደበኛ ተማሪነት እንዲመዘገቡ የተፈቀደው ተቋሙ ከተመሠረተ ከ98 ዓመታት በኋላ በ1908 ነው።

ሁምቦልት ከዚያ በኋላ በ1814 እና በ1815 በተካሄደው የቪየና ጉባኤ ፕሩሲያን ከወከሉት አንዱ ሆነው ሠሩ። ቀጥሎም በለንደን መልእክተኛ ሆኑ። በ1819 ወደ ሚኒስትርነት ከፍ ቢሉም በዚያው ዓመት በሥራቸው ላይ ከባድ ፈተና ገጠማቸው። አንድ ተማሪ ኮትሰቡ የተባለውን ደራሲ መግደሉን ተከትሎ የጀርመን መንግሥታት የካርልስባድ ድንጋጌዎችን አወጡ። በድንጋጌዎቹ መሠረት በየዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ተሾመ፤ አደገኛ ሐሳብ ያስተምራሉ የተባሉ መምህራን እንዲባረሩ ተፈቀደ፤ ኅትመትም በቅድመ ምርመራ ሥር ዋለ። የበርሊኑ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ደ ቬተም ለነፍሰ ገዳዩ እናት የማጽናኛ ደብዳቤ በመጻፋቸው ከሥራ ተባረሩ። ሁምቦልት ድንጋጌዎቹን በመቃወማቸው እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 31 ቀን 1819 ከሥልጣን ተነሱ።

ቀሪ ዘመናቸውን በበርሊን አቅራቢያ በሚገኘው በቴገል ርስታቸው ላይ በቋንቋ ጥናት አሳለፉ። በጃቫ ደሴት ስለነበረው የካዊ ቋንቋ ያዘጋጁት ሰፊ ጥናት የታተመው ካረፉ በኋላ ነው። ባለቤታቸው በ1829 አረፉ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ ሚያዝያ 8 ቀን 1835 በቴገል ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የመሠረቱት ዩኒቨርሲቲ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከዓለም ታላላቅ የምርምር ማእከላት አንዱ ሆነ። በ1876 በአሜሪካ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀርመኑን አርአያ ከተከተሉት ግንባር ቀደሙ ነው። ከኢትዮጵያ ጋር የነበረው ግንኙነትም ቀላል አይደለም። የግዕዝ ሊቅ የነበሩት አውጉስት ዲልማን ከ1869 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም በ1905 ወደ በርሊን ተጉዘው በምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም የኢትዮጵያን ቋንቋ አስተምረዋል።

ሁምቦልት ሳይፈጽሙት የቀሩት የሥራቸው ግማሽ ግን በኋላ ዘመን ዋጋ አስከፍሏል። የናዚ መንግሥት በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ዩኒቨርሲቲው የሚከላከልበት ኃይል አልነበረውም። በአይሁድነታቸውና በአቋማቸው ምክንያት በርካታ መምህራን ተባረሩ፤ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው አደባባይም መጻሕፍት ተቃጠሉ። ከጦርነቱ በኋላ ተቋሙ በሶቪየት ክልል ውስጥ ሲወድቅ የፖለቲካ ጫናውን ያልተቀበሉ ተማሪዎችና መምህራን በ1948 በምዕራብ በርሊን ነጻ ዩኒቨርሲቲ የተባለውን አቋቋሙ። ነባሩ ተቋም በ1949 የሁምቦልት ስም ተሰጠው።

በኢትዮጵያም ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1961 የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ መበርከቱ የበርሊኑን ታሪክ ያስታውሳል። በ2015 ዓ.ም ደግሞ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በራስ ገዝነት ለመተዳደር የመጀመሪያው ሆኗል። የሁምቦልት ሕይወት እንደሚያሳየው ለዩኒቨርሲቲ ነጻነትን በሕግ መፍቀድ የሥራው መጀመሪያ ነው። ያን ነጻነት የሚያጸና ገቢ፣ በብቃት የሚመረጥ መምህርና የራሱን ሥልጣን ወሰን የሚያውቅ ሹም ካልታከሉበት ግን ሥራው እንደ በርሊኑ በግማሽ ሊቀር ይችላል።