የሰይጣንን ቤት በፊልም የሠራው ሰው

በአዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» እያለ ይጠራው ነበር። ጥላ በግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ዳሩ ግን ይኸው ስም ሳይታሰብ ከአንድ ፈረንሳዊ ሥራ ጋር ገጠመ።

ዦርዥ ሜልዬስ በ1861 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ጫማ በማሠራት የከበረ ሰው ነበር፤ ልጁ ግን ጫማውን ትቶ ምትሃት ማሳየትን ወደደና በ1888 የምትሃት ትርኢት ቤት ገዛ። በ1895 መጨረሻ የሉሚዬር ወንድማማቾችን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተመለከተ፤ በዓመቱም «የሰይጣን ቤት» የተባለውን፣ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ሠራ። ከአስፈሪ ፊልሞች ሁሉ የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። የሌሊት ወፍ ከአዳራሽ ገብታ ሰይጣን ትሆናለች፤ አፅምና መናፍስት ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ በመጨረሻም ሰይጣኑ መስቀል ሲያይ ይጠፋል። ይህስ በመካነ ኢየሱስ ከምድጃ ዳር ተረት እየሰማ ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዘዴው መሣሪያውን አቁሞ፣ ተጫዋቹን ከፊቱ አስወጥቶ፣ እንደ ገና ማዞር ነው።

ሜልዬስ ከ500 በላይ ፊልሞች ሠራ። ነገር ግን ዕዳ በዛበት፤ በ1923 ትርኢት ቤቱ ፈረሰ፤ እርሱም ተበሳጭቶ የደከመባቸውን ፊልሞች በገዛ እጁ አቃጠለ። ከዚያ በኋላ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ከሚስቱ ጋር የልጆች መጫወቻና ከረሜላ ሲሸጥ አንድ ጋዜጠኛ አገኘው። በ1931 ኒሻን ተሸለመ፤ በ1938 ሞተ።

«የሰይጣን ቤት» ጠፍቷል ሲባል ኖሮ በ1988 አንድ ቅጂ በኒው ዚላንድ ተገኘ። የጥቁርና ነጭ የመናፍስት ፊልም ማየት የሚወድ አንባቢ ከዚህ ይጀምር፤ ቀጥሎም ሙርናው በ1922 ያወጣውን «ኖስፌራቱ» ይመልከት፤ ይህን ግን በሌሊት ብቻውን ባያየው ይሻለዋል።