የግድግዳው ሥዕል አባት፤ ዡል ሼሬ

እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ የገበያ ቀን ሲሆን ከቪዲዮ ቤቶች ደጃፍ ሰው ይሰበሰብ ነበር። በቆሎና በርበሬውን ሸጦ የጨረሰ የገጠር ሰው፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ከቆርቆሮው ላይ የተለጠፈውን የፊልም ማስታወቂያ ትኩር ብሎ ይመለከታል። የፈረንጁን ፊደል አያነብም፤ ማንበብም አያሻውም። ጠመንጃ የያዘ ሰው በእሳት መካከል ቆሞ ያየ እንደ ሆነ የጦርነት ታሪክ መሆኑን ያውቃል። ወንድና ሴት ግንባር ለግንባር ተጠጋግተው ያየ እንደ ሆነ የፍቅር መሆኑን ያውቃል። ከጨለማ ውስጥ የሚያፈጥ አንድ ዐይን ብቻ ያየ እንደ ሆነ ግን አማትቦ መንገዱን ይቀጥላል።

እኛም አንድ ቀን ጠመንጃውን አይተን፣ ለደብተር መግዣ የተሰጠንን ሳንቲም ከፍለን ገባን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያየነው ግን የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ልቅሶ ነበር። ጠመንጃው ከሥዕሉ ወርዶ በታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየም። ከቤት የጠበቀን ቁጣ ዛሬ ተረስቷል፤ ሁለት ጥያቄዎች ግን አብረውን አድገዋል። ግድግዳ ያለ አፍ እንዲናገር ያስተማረው ማን ነው? የተናገረውስ ቃል ሲታጠፍ ምን ይጠፋል? የፊተኛውን ጥያቄ ስንከታተል የደረስንበት ሰው ፈረንሳዊው ዡል ሼሬ ነውና፣ የዛሬው እሑድ ታሪካችን የእርሱ ይሆናል። የውጭውን ታሪክ ዓመታት የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዡል ሼሬ በ1836 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ቤቱ ድኻ ስለ ነበር ልጁ ገና በ13 ዓመቱ፣ በድንጋይ ላይ ሥዕልና ጽሕፈት ሠርተው ከሚያትሙ ባለሙያዎች ዘንድ ለሦስት ዓመት በተለማማጅነት ገባ። ከሥራው በተረፈው ጊዜም ሥዕል ይማር ነበር። በ1858 የሙዚቃ ደራሲው ኦፈንባክ፣ ኦርፌ በሲኦል ለተባለው ቴአትሩ ማስታወቂያ አሠራው። ሥራው ቢወደድም የሚያኖር ትእዛዝ አላስከተለለትም፤ ስለዚህ ወደ ሎንዶን ተሻገረ። በዚያም የቀለም ኅትመትን ጥበብ ካጠና በኋላ፣ ሪመል የተባለ የሽቶ ነጋዴ በገንዘብ ስለ ረዳው በ1866 ወደ ፓሪስ ተመልሶ የራሱን ማተሚያ ቤት አቋቋመ።

ከእርሱ በፊት የፓሪስ ግድግዳ ማስታወቂያ አብዛኛው ፊደል ብቻ ነበር፤ ቆሞ ለሚያነብ እንጂ ለሚያልፍ ሰው የሚሆን አልነበረም። ሼሬ ይህን ገለበጠው። ፊደሉን አሳንሶ ሥዕሉን አተለቀ፤ ቀዩን፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን በየድንጋዩ ለይቶ እየደራረበ አተመ። ከሁሉም በላይ አንዲት ሴት ፈጠረ። እግሯ መሬት የማይነካ፣ ቀሚሷ በነፋስ የሚንሳፈፍ፣ ሁልጊዜ የምትስቅ ሴት ናት። ፓሪሶች በሠዓሊው ስም ሼሬት አሏት። በሠረገላ የሚያልፈው ሰው እርሷን ከሩቅ ሲያይ፣ ጽሑፉን ሳያነብ ጨዋታና ደስታ መኖሩን ያውቅ ነበር። በ1881 በወጣው ሕግ ማስታወቂያ መለጠፍ ነጻ ሲሆን ግድግዳው ሁሉ በቀለም ተሞላ። በ1889 ሙላን ሩዥ የተባለው የዳንስ ቤት ሲከፈትም ሕዝቡን የጠራው የሼሬ ሥዕል ነው። ከ1,000 በላይ ማስታወቂያዎች የሠራው ይህ የፊደል ለቃሚ ልጅ፣ ጥበብን ከንግድ ኅትመት ጋር በማዋሐዱ በ1890 የአገሩን የክብር ሌጊዎን ኒሻን ተሸለመ።

ዳሩ ግን ያችው ሳቂታ ሴት ሳክሶሌይን የሚባለውን የመብራት ላምባና የሳል ከረሜላም ትሸጥ ነበር። ስለ ዳንስ ቤት ስትስቅ ለገቢው ሰው የምታሳየው በውስጥ የሚጠብቀውን ነው። ስለ ላምባ ስትስቅ ግን ሳቁ ከዕቃው አልመጣም፤ ተለጠፈበት እንጂ። የማስታወቂያ ኃይሉም አደጋውም ገና በአባቱ እጅ ሳለ አብረው ተወልደዋል ማለት ነው።

ሲኒማም ከዚሁ ቤት ወጣ። በ1892 ኤሚል ሬኖ በፓሪስ የግሬቨን ቤተ መዘክር የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎችን በመጋረጃ ላይ ባሳየ ጊዜ፣ ማስታወቂያውን የሣለለት ሼሬ ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 መጨረሻ ፊልማቸውን ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ካሳዩ በኋላም፣ ኦዞል የተባለ ሌላ ሠዓሊ በመጋረጃው ላይ የሚታየውን የአትክልተኛ ቀልድና የሚስቁትን ተመልካቾች አንድ ላይ ሣለ። ይህ ፊልም ያስቃል ብሎ በሥዕል መናገር ነው። ከዚያ ወዲህ ምዕራባውያን ለየዓይነቱ ምልክት አበጁለት። ለአስፈሪው ጥቁርና ደም መሳይ ቀይ፣ ለአስቂኙ ነጭ መደብና ደማቅ ቀይ ፊደል፣ ለከብት ጠባቂዎቹ ታሪክ ሰፊ ባርኔጣና ምድረ በዳ ሆነ።

የጎጃም ሰው ይህን ለመማር ፈረንጅ አላስፈለገውም። በጣና ዳር በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሁሉ፣ በቀድሞው የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ክፉ በጎኑ በአንድ ዐይኑ እንደሚሣል ያውቃል። በዚያ ግድግዳ ላይ ግን ክፉውን በሁለት ዐይን ሥሎ ሰውን ያሳሳተ ሠዓሊ አይመሰገንም። የአገራችን ፊልምም ሲጀምር ቃሉን በስሙ ሰጥቷል። በ1957 ዓ.ም. ሂሩት አባቷ ማነው ሲባል የቤተሰብ መከራ መሆኑን፣ በ1966 ዓ.ም. ጉማ ሲባል የደም ነገር መሆኑን ሰሚው ትኬት ሳይቆርጥ ይረዳ ነበር።

ዛሬ ግድግዳው ወደ ስልክ ገብቷል። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት በ2017 እንዳስረዳው፣ ጉድ ዊል ሃንቲንግ ለተባለው አንድ ፊልም የፍቅር ታሪክ ለሚወድ ሰው የሁለት ፍቅረኞች ሥዕል፣ ቀልድ ለሚወድ ሰው የታወቀው ቀልደኛ ተዋናይ የሮቢን ዊሊያምስ ፊት እንዲቀርብለት ማድረግ ይቻላል። ሼሬ ለሁሉም ዕቃ አንዲት ሴት አሳየ፤ እነዚህ ደግሞ ለአንድ ዕቃ እንደየሰው ብዙ ፊት ያሳያሉ።

ሼሬ በሸመገለ ጊዜ ወደ ኒስ ከተማ ሄዶ ተቀመጠ። የአንድን ታላቅ ከተማ ሕዝብ በዐይን ማንበብ ያስተማረ ሰው፣ በዕድሜው ፍጻሜ የገዛ ዐይኑ ብርሃን ጠፋ። በ1932 በ96 ዓመቱ ዐረፈ፤ በኒስ ያለው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክርም በስሙ ተጠራ።

እንግዲህ የሁለተኛውም ጥያቄያችን መልስ ከዚሁ ሕይወት ይገኛል። ከገጠር የመጣው ገበሬ ማስታወቂያውን የሚያምነው ሌላ የሚመሰክርለት ስለሌለው ነው። ዐይኑ የተታለለበት ዕለት የሚጠፋው የትኬቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በማግሥቱ እውነተኛው ሥዕል ቢለጠፍም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ በኮምፒዩተር ማስታወቂያ የምትሠሩ ወጣት ወንድሞችና እኅቶቻችን፣ ከሼሬ ቀለሙን ውሰዱ፤ ጠመንጃውን ግን ጠመንጃ ላለበት ፊልም ብቻ አስቀሩልን።