ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ሠዓሊ፣ ገጣሚና መምህር

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። የዘንድሮው ባለ ታሪክ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ወላጆች «አገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን እያወቃችሁት አድጋችኋል። እዚሁ ጁባ ተወልደው ኢትዮጵያን በዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚያዩ ልጆቻችንም በበዓል መድረክ ላይ ሲነበብ ሰምተውታል። ገጣሚነቱን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ሠዓሊነቱን የሚያውቅ ግን ያንሳል። በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዓመታት ማስተማሩን የሚያስታውስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህን ሰው የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዓመት ከወላጆች ጋር ባደረግናቸው ስብሰባዎች የሥዕል ክፍለ ጊዜ ቀርቶ ሰዓቱ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይሰጥ የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። ጥያቄው የመጣው ከአሳቢነት ነው። ሱቅ ከፍቶ፣ ምግብ ቤት ይዞ ወይም መኪና እየነዳ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍል ወላጅ፣ ልጁ ነገ እንጀራ የሚሆነውን ነገር እንዲማርለት ቢፈልግ አይፈረድበትም። በስብሰባው ላይ አጭር መልስ ሰጥቻለሁ። ረጅሙን መልስ የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ይሰጠናል ብዬ አምናለሁ።

ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ ያስጌጡ ነበር። እናቱን በሕፃንነቱ አጣ። ስለዚህ ልጁ ሥዕልን መጀመሪያ ያየው በቤቱ፣ በአባቱ እጅ ላይ ነው። ሐረግ የሚባለውን ጌጥ የብራና መጽሐፍ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በገጹ ራስጌ ላይ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም እየተጠላለፈ የሚሄድ መስመር ነው። ሰውም እንስሳም አይመስልም፤ ዓይን ግን አይጠግበውም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገብረ ክርስቶስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አዲስ አበባ ተከታትሎ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻ ትምህርት ጀመረ። በዚያን ዘመን ኮሌጅ የሚገባ ወጣት በጣት የሚቆጠር ነበር። የእርሻ ሳይንስ ደግሞ አገር የሚፈልገው፣ ሥራም ደመወዝም የሚያስገኝ ሙያ ነበር። እርሱ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱን ትቶ ሥዕልን መረጠ። ውሳኔው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ገና መንግሥት ያቋቋመው ሙሉ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሠዓሊ መሆን የፈለገ ሰው ወይ በቤተ ክርስቲያን ከአንድ ሠዓሊ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል፣ ወይ ባሕር ይሻገራል።

ገብረ ክርስቶስ ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1957 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ የፈራረሰች፣ በዚያን ጊዜም ገና በመታደስ ላይ የነበረች ከተማ ናት። በጀርመን የናዚ መንግሥት አዲስ ዓይነት ሥዕል የሚሥሉ ሰዎችን አሳዶ፣ ሥራዎቻቸውን ከሙዚየም አውጥቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እነዚያው ሥዕሎች ወደ ክብራቸው ተመለሱ። የሐረሩ ወጣት የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። የሰውን መልክ ከመቅዳት ይልቅ የውስጥ ስሜትን በቀለምና በመስመር ኃይል የሚገልጸውን የጀርመን አሣሣል ቀረብ ብሎ አጠና። ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1961 አጠናቀቀ፤ ሥራዎቹንም በዚያው በኮሎኝ ለሕዝብ አሳየ። በዓመቱ፣ በ1962፣ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አዲስ አበባ ሲገባ አንድ ነገር ተለውጦ ጠበቀው። አሜሪካ፣ ቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምሮ የመጣው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቁሞ በዳይሬክተርነት ይመራ ነበር። አለ ራሱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ካለበት ቤተሰብ የወጣ፣ ሰውን ሰው አስመስሎ የሚሥል፣ ሥርዓት ያለው ሠዓሊ ነው። ያም ሆኖ ከእርሱ አሣሣል እጅግ የራቀውን ገብረ ክርስቶስን በመምህርነት ተቀበለው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ በለንደንና በፓሪስ የተማረው እስክንድር ቦጎሲያን መጥቶ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በዚያው አስተማረ። እኔ እንደ ርእሰ መምህር ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትልቅ ትምህርት አለ። የሥነ ጥበብ ትምህርትን የሚመራ ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ የራሱን እጅ ማባዛት አይደለም። እርሱ የማይችለውን የሚችል መምህር ፈልጎ አምጥቶ ቦታ መስጠት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዓይን ያያቸው ተማሪዎች የራሳቸውን አራተኛ ዓይን ለማግኘት ዕድል ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ገብረ ክርስቶስ ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ አቀረበ። ያ ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በከተማዋ የተመሠረተበት፣ ከየአገሩ የመጡ መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን ታላቅ የመስተዋት ሥዕል እያዩ ያለፉበት ጊዜ ነው። የአፈወርቅን ሥዕል ያየ ሰው አፍሪካውያንን፣ ችቦንና ዘንዶን ለይቶ ያውቃል። ገብረ ክርስቶስ ፊት የቆመ ሰው ግን ቀለም፣ ክብና መስመር ብቻ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። ይህ የአውሮፓ ነገር ነው፣ ኢትዮጵያዊነቱ የታለ የሚል ወቀሳ ተነሣበት።

እርሱ ግን ከመንገዱ አልተመለሰም። ሥዕል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት እንደሆነ፣ አንድ ኢትዮጵያዊም ከዓለም ተምሮ የራሱን መፍጠር እንደሚችል ያምን ነበር። እዚህ ላይ ነው ወደ ሐረጉ የምመለሰው። ምንም የማይመስል ግን የሚያምር ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የብራናው ሐረግ ማንንም አይመስልም። የነጠላው ጥለት፣ የሐረር እናቶች የሚሰፉት የግድግዳ ስፌት ማንንም አይመስልም። እኔ እንደሚመስለኝ ገብረ ክርስቶስን ባዕድ ያሉት ሰዎች በየቤታቸው የተሰቀለውን ሞሰብ ረስተውት ነበር።

ደግሞም ሥራው ሁሉ ቅርጽ አልባ አልነበረም። ሰውን ሠርቷል፤ ድህነትንና ሥቃይን ሠርቷል። «ጎልጎታ» የተሰኘው ታዋቂ ሥዕሉ ስቅለትን ያሳያል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የለመድነው ዓይነት አይደለም፤ ሕመሙን የሚናገረው ቀይ ቀለሙ ነው። ታሪኩን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ሥዕሉ ፊት ሲቆም እንደገና የሰማው ያህል ይሆናል። ወቀሳው እያለም ክብሩ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው።

ሽልማቱ ከማስተማር አላወጣውም። በትምህርት ቤቱ የብዙ ወጣቶች መምህር ሆኖ ቀጠለ። ዛሬ በዓለም የታወቁት እንደ ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ያሉ ሠዓሊዎች በእነዚያ ዓመታት ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ሥራቸውን ብታዩ አንዱ ከሌላው፣ ሁለቱም ከገብረ ክርስቶስ አይመሳሰሉም። ዘሪሁን በቀርከሃ ቁራጮች ላይ ይሥላል። ወሰኔ የአማርኛን ፊደል ወስዶ ሥዕል አደረገው። የአንድ ትምህርት ቤት ጥራት በዚህ ይለካል ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎቹ መምህራቸውን ቢመስሉ ትምህርት ቤቱ ማተሚያ ቤት ይሆን ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ከሥዕሉ ጎን ለጎን ይገጥም ነበር። ግጥሙም እንደ ሥዕሉ የተለመደውን የአማርኛ ግጥም መልክ ሰበር አድርጎ በአጫጭርና በረጃጅም ስንኞች የሚፈስ፣ ስለ ሰማይና ስለ ጠፈር፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ፍቅር የሚያወራ ነው። «አገሬ» ግን ከሁሉ በላይ በሕዝብ ልብ ገባ። ግጥሙን ስናነብ ቀለም የሚያይ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። የሥዕል ትምህርት ለቋንቋም እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። በደንብ ማየት የተማረ ልጅ በደንብ ይጽፋል።

ከዚያ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ መጣ። ብዙ ምሁራንና የጥበብ ሰዎች ታሰሩ፣ ተገደሉ፣ ተሰደዱ። ሥነ ጥበብም የመንግሥትን መፈክር እንዲያገለግል ይጠበቅ ጀመር። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከአገሩ ወጣ። ወደ ጀርመን ተመልሶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ስለ አገሩ ያንን ግጥም የጻፈው ሰው በስደት፣ ኦክላሆማ ግዛት ላውተን በምትባል ከተማ፣ በመጋቢት 1973 ዓ.ም. አረፈ። ዕድሜው ሃምሳ አልሞላም ነበር። የተቀበረውም በባዕድ አገር ነው።

ይህን የታሪኩን ክፍል እዚህ ጁባ ማብራራት አያስፈልግም። ከእኛ መካከል ስደትን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጎረቤቶቻችን ደቡብ ሱዳናውያንም ያውቁታል፤ ብዙዎቹ ጋምቤላና አዲስ አበባ ተጠልለው ኖረው፣ ተምረው የተመለሱ ናቸው። ሰው በድንገት ሲሰደድ ቤቱንና ንብረቱን ጥሎ ይሄዳል። ሠዓሊ ሥዕሎቹን ጥሎ ይሄዳል። ገብረ ክርስቶስን የሚያስተምር የሚያደርገው ከእርሱ በኋላ የሆነው ነው።

ጀርመን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጠው የቆዩ በርካታ ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የሚባል የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ተከፈተ። ማዕከሉን በዳይሬክተርነት ከመሩት መካከል የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ ይገኙበታል። የሞተውን ሰው ሥራ መጠበቅ፣ በሕይወት ያሉትን ሠዓሊዎች ማሳየት፣ ወጣቱ መጥቶ እንዲያይና እንዲከራከር በር መክፈት የእንዲህ ዓይነት ማዕከል ሥራ ነው። እርሱ ያስተማረበት ትምህርት ቤትም ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኖ በመሥራቹ በአለ ስም ይጠራል። በክረምት አዲስ አበባ የምትሄዱ ወላጆች ልጆቻችሁን ከዘመድ ጥየቃ አንድ ቀን ቀንሳችሁ እዚያ ውሰዷቸው። ሥዕሉ ምን እንደሆነ አትንገሯቸው። ምን እንዳዩ ጠይቋቸው።

አሁን ወደ ስብሰባችን ጥያቄ ልመለስ። ልጃችን ሥዕል ቢማር ምን ይሆናል? አብዛኞቹ ሠዓሊ አይሆኑም፤ መሆንም የለባቸውም። ገብረ ክርስቶስ የሄደበትን መንገድ ሁሉም ይሂድ የሚል መምህርም አይኖርም። መንገዱ ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል። ነገር ግን በየክፍላችን ከሚቀመጡት መካከል እጁ ከአንደበቱ ቀድሞ የሚናገር ልጅ አለ። አማርኛው ገና ያልጠና፣ እንግሊዝኛው የሚያዳግተው፣ በጁባ ዓረብኛና በቤቱ ቋንቋ መካከል የተያዘ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ሲያገኝ ያየውን ሁሉ ያወጣል። የኮኞ ኮኞን ገበያ፣ የነጩን ዓባይ ጀልባ፣ ያላየውን የአያቱን አገር ይሥላል። ይህን ልጅ በሳምንት አንድ ሰዓት ካልሰማነው መቼ እንሰማዋለን?

ስለዚህ የሥዕል ክፍለ ጊዜው በመጪው ዓመትም ይቀጥላል። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም አይጎድልም፤ ለእነርሱ የማጠናከሪያ ሰዓት ከትምህርት በኋላ እናዘጋጃለን። ቀለም በጁባ ገበያ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በከሰል፣ በቡናና በካርቶን መሥራት የሚችሉ መምህራንን አበረታታለሁ። ከወላጆች መካከል ስፌት የምትሰፉ፣ ጥልፍ የምትጠልፉ፣ የሱቅ ማስታወቂያ በእጅ የምትጽፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለአንድ ሰዓት መጥታችሁ ለልጆቹ ብታሳዩአቸው እንደ መምህር እንቀበላችኋለን። አለ ፈለገ ሰላም እርሱን የማይመስለውን ሰው በሩን ከፍቶ እንዳስገባ፣ የእኛም በር ክፍት ነው።