«ኦቴሎ» በመድረክና በፊልም፤ የኦርሰን ዌልስ ታሪክ

ብላቴን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን «ኦቴሎ» በአዳማ፥ በሞጆ ወይም በባቱ ተቀምጦ ያነበበ ተማሪ፥ አዲስ አበባ ወጥቶ በመድረክ ለማየት ዘወትር አይመቸውም። ፊልሙን ግን ባለበት ሊያገኘው ይችላል። ታዲያ ፊልሙን ያየ ሰው ትያትሩን አየሁ ለማለት ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ በሁለቱም መንገድ የሠራውን የአሜሪካዊውን የኦርሰን ዌልስን ሕይወት መመልከት ይበጀናል።

ዌልስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 በኬኖሻ ከተማ ተወለደ፤ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። እናቱ በ9 ዓመቱ፥ አባቱም በ15 ዓመቱ ሞቱበት። በ16 ዓመቱ አየርላንድ ተሻግሮ፥ በአገሬ ስመ ጥር ተዋናይ ነኝ ብሎ በደብሊን ትያትር ቤት ገባ። ነገሩ ውሸት ነበር፤ ችሎታው ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1936 በኒውዮርክ፥ በሀርለም ሠፈር፥ ጥቁሮች ብቻ የተጫወቱበትን «ማክቤዝ» ሲያዘጋጅ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ዕድሜህ አልደረሰም እየተባለ ሥራ የሚነፈገው ወጣት ይህን ልብ ይበል።

በ1949 በሞሮኮ ባሕር ዳር በምትገኘው በሞጋዶር «ኦቴሎ»ን በፊልም ሲያነሣ ገንዘብ አቅራቢው ኢጣሊያዊ ከሰረ። ዌልስም በሌሎች ሰዎች ፊልም እየተጫወተ በሚያገኘው ደመወዝ ሥራውን ሲያቋርጥና ሲቀጥል ቈየ። የተዋንያኑ ልብስ ሳይደርስ ቢቀር፥ የሮድሪጎን መገደል ወደ እንፋሎት መታጠቢያ ቤት አዛወረና ፎጣ አስለብሶ አጫወታቸው። ያን ክፍል የሚያይ ሰው ከችግር የተወለደ መሆኑን ከቶ አይጠረጥርም። በ1951 ይኸንኑ ኦቴሎን በለንደን መድረክ ተጫወተ፤ በ1952 ፊልሙ በካን ከፍተኛውን ሽልማት ከአንድ የኢጣሊያ ፊልም ጋር ተካፈለ።

በሼክስፒር ድርሰት ነገሩ የሚጀምረው ሌሊት፥ በቬኒስ መንገድ፥ ኢያጎና ሮድሪጎ ሲነጋገሩ ነው። ዌልስ ግን ከቀብር ጀመረ፤ የኦቴሎና የዴዝዴሞና አስከሬን ሲያልፍ ኢያጎ በብረት ቀፎ ተዘግቶ በግንብ ላይ ሲሰቀል ይታያል። ፊልሙን ወደ ሰዓት ተኩል ለማሳጠር ከንግግሩ ብዙውን ቈረጠው፤ በቦታው የግንቡን ጥላና የባሕሩን ማዕበል አገባ። በእኛ አስተያየት ዓይን እጅግ አትርፏል፥ ጆሮ ግን ከስሯል። ኢያጎ ቅናትን በቃል ጠብታ በኦቴሎ ልብ ሲያንቈረቁር ተመልካች በትዕግሥት የሚሰማው በመድረክ ነው። ከዚህም በቀር ነጭ ሰው ፊቱን አጥቍሮ የጥቁሩን የጦር አለቃ መጫወቱ፥ በዚያ ዘመን የተለመደ ቢሆንም፥ ለእኛ ለአፍሪካውያን ደስ አያሰኝም።

ዌልስ በ1978 ስለዚሁ ፊልም አሠራር የሚተርክ ሌላ ፊልም አወጣ። ብዙ ሥራ በጅምር ትቶ በ1985 በሎስ አንጀለስ ሞተ።