መዝሙር መልእክተኛ በሆነ ጊዜ

ማርቲን ሉተር በ1483 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአይስሌበን ተወለደ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። በአይዘናኽ ትምህርት ቤት ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በየደጁ እየዘመረ እንጀራውን ይለምን ነበር። የቆሎ ተማሪ ድምፅ በማለዳ ከደጃችን ሲሰማ ያደግን ሁሉ ይህን ኑሮ መገመት አያስቸግረንም። በኋላም መነኩሴ፥ ቄስና የመጻሕፍት መምህር ሆነ፤ ሉት የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያም ይመታ ነበር።

ስለ እርሱ ስንናገር ዘወትር የምናነሣው በ1517 ዓ.ም. የጻፋቸውን 95 አንቀጾች ነው። መዝሙር ጸሐፊ ያደረገው ግን ኀዘን ይመስለናል። ሐምሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 1523 ዓ.ም. ሄንድሪክና ዮሐንስ የተባሉ ሁለት ወጣት መነኮሳት የሉተርን ትምህርት አንክድም ስላሉ በብራስልስ አደባባይ በእሳት ተቃጠሉ። ሉተር ይህን በሰማ ጊዜ፥ የገበያ አዝማሪዎች ወሬ በሚያወሩበት ስልት ታሪካቸውን በዜማ ጻፈ። ለዚያ አገር ምእመናን ደብዳቤም ልኮላቸዋል፤ ነገር ግን ደብዳቤ አንባቢ ይሻል፥ መዝሙር ግን ጆሮ ይበቃዋል። በዚያን ዘመን ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ወዳጆቹ መዝሙረ ዳዊትን ወደ ሕዝብ ዜማ እንዲመልሱለት ለመናቸው፤ ቃሉም የቤተ መንግሥት ሳይሆን ተራው ሰው የሚናገረው እንዲሆን አሳሰባቸው። እርሱ ራሱ ከጥልቅ የሚጮኸውን ሰው መዝሙር፥ ማለት 130ኛውን፥ ወደ ጀርመንኛ ዜማ መለሰው። በ1524 ዓ.ም. በኑርንበርግ ስምንት መዝሙሮች ያሉት ትንሽ መጽሐፍ ታተመ፤ አራቱ የሉተር ነበሩ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አንድ ሽማግሌ ሸማኔ በማግደቡርግ ገበያ ቆሞ ይህንኑ መዝሙር እየዘመረ ወረቀቱን ይሸጥ ጀመር። የከተማው ሹም አሰረው። ነገር ግን የሰማው ሕዝብ ተሰብስቦ ሄዶ አስፈታው። ሽማግሌውን ማሰር ይቻል ነበር፤ ዜማው ግን አስቀድሞ በብዙ ሰው አፍ ገብቶ ነበር።

ሉተር በየካቲት 18 ቀን 1546 ዓ.ም. በተወለደባት ከተማ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ዊተንበርግ ሲወሰድ ሌሊቱን በሃለ ከተማ ቤተ ክርስቲያን አደረ። የከተማው ሕዝብ ተሰብስቦ፥ እንባ ድምፁን እያቋረጠው፥ ያንኑ ሸማኔው የዘመረውን መዝሙር ለጻፈው ሰው ዘመረለት።