ከጎሬ ገዥነት እስከ ቴአትር መድረክ፤ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው

የብሔራዊ ቴአትር ሕንፃ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ የፊልም ማሳያ እንደ ነበረ የሙያ ባልደረቦቻችን ያውቃሉ። ኋላም በፈረንሳዊው አርክቴክት በአንሪ ሾሜት እጅ ታድሶና ተስፋፍቶ፣ በ1948 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ ኢዮቤልዩ ተከፈተ። መድረኩን የመረቀው ተውኔት ደራሲ ከኢሉባቦር ጋር የነበራቸውን ትስስር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

መኰንን እንዳልካቸው በ1882 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ኢሉባቦርን የገዙት፣ ኋላም የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው አጎታቸው ነበሩ። መኰንን በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተምረው የንግድ ሚኒስትር ሆኑ፤ በለንደንም አገራቸውን ወከሉ። ከዚያ በኋላ አጎታቸው በገዙት አገር ተሾሙ። ዛሬ መቱና ኖፓ የሚገኙበት የዚያ ደናም አገር መናገሻ ያን ጊዜ ጎሬ ነበረች፤ ቡናው በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወርድባት፣ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት ከተማ። ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

በ1928 ዓ.ም. ደጃዝማች መኰንን የኢሉባቦርን ጦር መርተው ወደ ኦጋዴን ዘመቱ። ዝናብ ከማይጠፋበት ምዕራብ ተነሥቶ ውሃ ወደ ጠፋበት ምሥራቅ፣ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መሄድ ለዚያ ሠራዊት ምን እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ከሽንፈቱ በኋላ ደጃዝማች በኢየሩሳሌም በስደት ቆዩ።

ከነጻነት በኋላ፣ ከ1935 እስከ 1950 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲያገለግሉ ብዕራቸው አልቦዘነም። ለአዲሱ አዳራሽ ያቀረቡት «ዳዊትና ኦርዮን» የታመነ ወታደሩን ሚስት ወስዶ ባልዋን በጦር ግንባር ያስገደለውን ንጉሥ ታሪክ ይተርካል። ዘውዱ ከዳዊት ዘር ነኝ በሚልበት ዘመን፣ በንጉሡ በዓል ይህን መምረጥ በእኔ ግምት ድፍረት ነው፤ ዳዊት ንስሐ ገብቷልና ነገሩ ውዳሴ ነው የሚለኝ ቢኖርም አልከራከረውም። ስብከት እንደሚበዛበት፣ ንግግሩም እንደሚረዝም አልክድም። ሆኖም የሰው ልጆችን ወደ ግንባር መርቶ የተመለሰ አዛዥ የኦርዮን ሞት ሲጽፍ፣ ጉዳዩን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘው አይመስለኝም።

ራስ ቢትወደድ መኰንን በየካቲት 1955 ዓ.ም. ዐረፉ። የቴአትሩ ስም ከአብዮቱ ወዲህ ተለውጧል፤ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ግን አሁንም በአዳራሹ አጠገብ ቆሟል።