ከልጁ በኋላ ያወቅነው አባት፦ ሐምሌት ሚኪታሪያን (1962-1996)

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ተማሪ ሁሉ ሚኪታሪያን የሚለውን ስም ያውቀዋል። ሄንሪክ ሚኪታሪያን በ2016 ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገባ፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአሌክሲስ ሳንቼዝ ተለውጦ አርሰናል ሲሄድ፣ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ ስንት ክርክር ተካሂዷል! እኔ ግን ዛሬ የማነሳላችሁ እሱን ሳይሆን አባቱን ነው። አባትየው ሐምሌት ሚኪታሪያን ይባላል። በሶቪየት ኅብረት ከፍተኛ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ 18 ጎል ያገባ አጥቂ ነበር። በ33 ዓመቱ ሞተ። አሁን ስሙ ሲነሳ የሚነሳው የሄንሪክ አባት ተብሎ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሰው በራሱ ማን ነበር? ስሙስ ለምን ደበዘዘ? የእኔን መልስ አስቀድሜ ልናገር። ሐምሌት ጉብዝና አላነሰውም። የጎደለው ስሙን የሚጠራለት ሊግ ነው፤ የተጫወተበት ሊግ ከነአገሩ ፈርሷልና። የታሪክ ተማሪ ስለሆንኩ ይህን ነገር በአንድ ሰው ሕይወት ላሳያችሁ ፈለግኩ። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የሐምሌትን ታሪክ ከክለቡ ለይቶ መናገር አይቻልም። ክለቡ አራራት ነው። ስሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት ዘፍጥረት የኖኅ መርከብ ያረፈችው በአራራት ተራሮች ላይ ነው። ተራራው ዛሬ ቱርክ ድንበር ውስጥ ይገኛል፤ ከአርሜኒያ ዋና ከተማ ከዬሬቫን ሆነው ሲያዩት ግን ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህም አርመኖች በሄዱበት አገር ሁሉ ይህን ስም ይዘው ይሄዳሉ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባም የራሷ አራራት ነበራት። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የአገራችን ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ሲወዳደሩ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር አምስተኛው የከተማችን አርመኖች ያቋቋሙት አራራት ነበር።

የዬሬቫኑ አራራት የተመሠረተው በ1935 ነው። መጀመሪያ ስፓርታክ፣ ቀጥሎ ዲናሞ፣ እንደገና ስፓርታክ ሲባል ቆይቶ በ1963 አራራት ተባለ። አርሜኒያ ከ15ቱ የሶቪየት ሪፐብሊኮች በስፋት የመጨረሻዋ ናት። ሆኖም ክለቧ ከ1966 ጀምሮ ሊጉ እስከፈረሰበት እስከ 1991 ድረስ ከከፍተኛው ሊግ አልወረደም። ከሞስኮ፣ ከኪየቭና ከትብሊሲ ትልልቅ ቡድኖች ጋር ሩብ ምዕተ ዓመት መቆየት ማለት እኮ ቀላል ነገር አይደለም!

የአራራት ታላቅ ዓመት 1973 ነው። በዚያ ዓመት ሊጉ አቻ መውጣትን ጨርሶ አልወደደውም ነበር። አቻ የተለያዩ ቡድኖች ፍጹም ቅጣት ምት ይመታሉ፤ አንዷን ነጥብ የሚወስደው ያሸነፈው ብቻ ነው። አሠልጣኙ ኒኪታ ሲሞንያን የሚመራው አራራት በዚህ ሕግ ተጫውቶ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሞስኮ ላይ በዋንጫው ፍጻሜ ዲናሞ ኪየቭን ገጠመ። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው 1ለ0 እየተመራ ነበር። ሌቮን ኢሽቶያን አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ያው ኢሽቶያን ደግሞ አስቆጠረና 2ለ1 አሸነፉ። በአንድ ዓመት ሁለት ዋንጫ ማለት ነው። በ1975 ደግሞ በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ ባየርን ሙኒክን ዬሬቫን ላይ 1ለ0 አሸነፉ። ሙኒክ ላይ 2ለ0 ተሸንፈው ስለነበር ግን አላለፉም። ባየርን በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ።

ሐምሌት የተወለደው መስከረም 14 ቀን 1962 ዬሬቫን ውስጥ ነው። ስሙ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። ጋሽ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር ቴአትር ስም ነው እኮ! አርመኖች ዘንድ ግን ከሼክስፒር ቴአትሮች የተወሰዱ ስሞችን ለልጅ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ሐምሌት የሚባል አናጢም ሾፌርም ይገኛል። አራራት ሁለቱን ዋንጫ ሲወስድ ይህ ልጅ 11 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ የዬሬቫን ልጅ የሆነ ሁሉ ምን መሆን እንደሚመኝ መገመት አያዳግትም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐምሌት ዋናው ቡድን ውስጥ ገባ። የ1973ቱ ጀግኖች በዕድሜ ገፍተው እየለቀቁ ነበር። የቡድኑ ኮከብ በ1982 ዓለም ዋንጫ ሶቪየት ኅብረት ቤልጂየምን 1ለ0 ስታሸንፍ ብቸኛዋን ጎል ያገባው ኮረን ሆቭሃኒስያን ነበር። አራራትም ለዋንጫ የሚታሰብ ቡድን መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ ከፍተኛው ሊግ ውስጥ ለመቆየት የሚታገል ሆኗል።

ያኔ የነበረውን ሊግ ክብደት ለመረዳት ሻምፒዮኖቹን ብቻ እንይ። በ1982 የሚንስኩ ዲናሞ፣ በ1983 ድኒፕሮ፣ በ1984 የሌኒንግራዱ ዜኒት፣ በ1985 ዲናሞ ኪየቭ ነበሩ። አራት ዓመት፣ አራት ሻምፒዮን! ዲናሞ ትብሊሲ በ1981፣ ዲናሞ ኪየቭ ደግሞ በ1986 የአውሮፓን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ወስደዋል። ሐምሌት በየሳምንቱ የሚገጥማቸው ተከላካዮች እንግዲህ እነዚህን ቡድኖች የመሰሉ ነበሩ። ሌላም ነገር አለ። ከ1978 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት አንድ ቡድን ከተወሰነ ቁጥር በላይ አቻ ከወጣ ነጥብ አይሰጠውም ነበር። ቡድኖች ተስማምተው አቻ እንዳይወጡ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ለታች ቡድን ይህ ሕግ ከባድ ነው፤ ተከላክሎ አንድ ነጥብ ይዞ መምጣቱ ገደብ አለው፣ ከዚያ በኋላ የግድ ጎል ያስፈልጋል። ስለዚህ ጎል የሚያገባ ሰው ያለው ቡድን ይተርፋል፣ የሌለው ይወርዳል።

አራራት እንዲህ ያለ ሰው ነበረው። በ1984 ሊጉ 18 ቡድኖች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 34 ጨዋታ ተጫውቷል። የዓመቱ ከፍተኛ ጎል አግቢ የሮስቶቭ ቡድን አጥቂ ሰርጌይ አንድሬዬቭ ሲሆን ያገባው 19 ነው። ሐምሌት በአንዲት ጎል ብቻ ተቀድሞ በ18 ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የሶቪየት ወታደር የተባለው መጽሔት የአጥቂ ፈረሰኛ የሚለውን ሽልማት ሰጠው፤ ሽልማቱ በአንድ ጨዋታ ሦስትና ከዚያ በላይ ጎል ደጋግሞ ለሚያገባ አጥቂ የሚሰጥ ነበር። ለዋንጫ በማይፎካከር ቡድን ውስጥ ሆኖ 18 ጎል ማግባት ለእኔ በሻምፒዮን ቡድን ውስጥ ሆኖ 25 ከማግባት አያንስም። ትልቅ ቡድን ውስጥ ያለ አጥቂ በጨዋታው አምስት ስድስት ዕድል ያገኛል፤ የትንሽ ቡድን አጥቂ ግን አንዲቷን ዕድል ካበላሸ ሌላ ላያገኝ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት የአርሜኒያም የሐምሌትም የፈተና ዓመታት ናቸው። በ1988 የካራባኽ ጉዳይ ሕዝቡን አደባባይ አወጣው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 7 ቀን በሰሜን አርሜኒያ ስፒታክ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 25 ሺህ ያህል ሰው ገደለ። በሌላ በኩል ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው የሶቪየት ተጫዋቾች መውጫ በር ተከፈተ፤ በ1988 ዳሳዬቭ ወደ ሴቪያ፣ ዛቫሮቭ ወደ ዩቬንቱስ ሄዱ። ሐምሌትም አራራትን ለቆ አቦቪያን ከተማ በሚገኘው ኮታይክ ክለብ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ በ1989 ወደ ፈረንሳይ አቀና። ባለቤቱ ማሪና፣ ሴት ልጁ ሞኒካና በዚያው ዓመት ጥር ወር የተወለደው ሄንሪክም አብረውት ሄዱ።

የሄደው ቫለንስ ወደተባለች ከተማ ነው። ቫለንስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከጭፍጨፋ የተረፉ አርመኖች የሰፈሩባት ከተማ ናት። ለአንድ የዬሬቫን ቤተሰብ ቋንቋውን የሚናገር ጎረቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ክለቡ ግን ከፈረንሳይ ከፍተኛ ሊግ በታች የሚጫወት ነበር። አምስት ዓመት ያህል እዚያ ኖረ። ልጁ ካደገ በኋላ የዚያን ጊዜውን ሕይወት ተርኮታል። ትንሹ ሄንሪክ አባቱ ልምምድ በሄደ ቁጥር ካልተከተልኩ እያለ ያስቸግር ነበር። አንድ ቀን አባት ልጁን ልምምድ ላለመውሰድ ገበያ ሄጄ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። ሲመለስ እጁ ላይ የገዛው ነገር የለም። ልጁም ወዲያው ገባውና ለቅሶውን አቀለጠው፤ አባቱ ኳስ ተጫውቶ እንደመጣ አውቋላ!

ሐምሌት ፈረንሳይ ሳለ ያሳደገው ሊግ ወደቀ። በ1990 የጆርጂያ ክለቦች ለቀው ወጡ፤ በ1991 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። በ1992 ነጻይቱ አርሜኒያ የራሷን የመጀመሪያ ሻምፒዮና 24 ቡድኖች ይዛ ጀመረች። የጊዩምሪው ሺራክና በኋላ ፒዩኒክ የተባለው ሆመኔትመን ሻምፒዮንነቱን ተካፈሉ። በ1993 ሻምፒዮን የሆነው አራራት ነው፤ ይህ በነጻይቱ አርሜኒያ ሊግ የወሰደው ብቸኛ ዋንጫ ሆኖ ቀርቷል። ያን ጊዜ አገሪቱ ጦርነትና የድንበር መዘጋት ነበረባት፤ መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣ ነበር። ትናንት ባየርን ሙኒክን ያሸነፈ ክለብ ከትንንሽ ከተሞች ቡድኖች ጋር ባዶ ስታዲየም ውስጥ መጫወት ጀመረ። ሐምሌት ለአዲሱ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ዕድሜው ሠላሳን ሲያልፍ ነው አገሩ ብሔራዊ ቡድን ያገኘችው።

በ1994 ፓሪስ አጠገብ ወዳለው የኢሲ ለሙሊኖ ክለብ ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ ታመመ፤ በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዬሬቫን ተመለሰ። ትንሹ ልጅ ለምን እንደሚመለሱ አልገባውም፤ የገባው ነገር አባቱ ኳስ መጫወት አቁሞ ቀኑን ሙሉ ቤት መዋሉ ነው። ሐምሌት ሚኪታሪያን ግንቦት 2 ቀን 1996 አረፈ። ሄንሪክ ሰባት ዓመቱ ነበር።

እናት የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ውስጥ ሥራ ይዛ ልጆቿን አሳደገች። ሄንሪክ በፒዩኒክ ታዳጊ ቡድን ተኮትኩቶ በ2006 ዋናውን ቡድን ተቀላቀለ፤ ከ2006 እስከ 2009 አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በሻክታር ዶኔትስክ በ2012-13 የውድድር ዘመን 25 ጎል አግብቶ የዩክሬን ሊግ ከፍተኛ አግቢ ሆነ። በ2017 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ለማንቸስተር ዩናይትድ አያክስ ላይ አገባ። ለአርሜኒያ 32 ጎል አስቆጥሮ በ2022 ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተ። የአባቱን ጨዋታ የተማረው በቪዲዮ ካሴት እየደጋገመ በማየት ነው። ሐምሌት ካሴት ላይ ባይቀር ኖሮ ለልጁ የሚደርሰው ነገር ወሬ ብቻ ይሆን ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ልጁ ከአባቱ በእጅጉ ይበልጣል፣ ስለዚህ በልጁ ስም መጠራቱ ለአባት ክብር ነው ይላሉ። አልቃወምም፤ በልጅ ስም መጠራት በእኛም ባህል ክብር ነው። ነገር ግን ሁለቱን የምናወዳድረው አባት ባላገኘው ነገር ነው። ሐምሌት ምርጥ በነበረበት በ1984 በፈለገው አገር መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ሲፈቀድ ጉልበቱ አልፏል። አገሩ ብሔራዊ ቡድን ስታቋቁም ዕድሜው ገፍቷል። ልጁ ግን በሩ ሁሉ ተከፍቶ ጠበቀው። አዲሱ የአርሜኒያ ሊግም ዛሬ የራሱ ትውልድ አለው፤ ፒዩኒክ ከ2001 እስከ 2010 በተከታታይ አሥር ዓመት ዋንጫ ሲወስድ ያደጉ ልጆች ስለ ሶቪየት ሊግ የሚሰሙት ከአያቶቻቸው ነው። በ2024-25 ሻምፒዮን የሆነው ክለብ ኖኅ የሚባል ነው፤ ስሙ ያው ከአራራት ተራራ አይርቅም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኛም ጋ የሚያሳስብ ነገር ስላለ ነው። በየከተማው የፈረሱ ክለቦች፣ ስማቸው የተለወጠ ሻምፒዮናዎች፣ በዚያ ጎል ሲያገቡ የነበሩ ሰዎች አሉን። የስንቶቹ ጎል ተቆጥሮ ተቀምጧል? የሐምሌት 18 ጎል ሊጉ ቢፈርስም አልጠፋም፤ የጻፈው ሰው ነበርና። እኛስ ቁጥሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ብንጠይቃቸው ምን ይለናል?